ጋሼ ፋኖስ አይቀመጡም

«ከምድር ሆድ ገብቼ ጨለማ ስቆርስ...»

እዚህ ላይ ያቆሙታል። ሁልጊዜም የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። ዜማው «ስቆርስ» ላይ ሲደርስ ሽቅብ ይነሳና መላሹን ስንኝ ሊቀበል አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል፤ እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ይጠርጉና እንደገና «ከምድር ሆድ ገብቼ» ብለው ከመጀመሪያው ይነሳሉ። ሁለተኛውን ስንኝ ስጠይቃቸው «ረስቼዋለሁ» ይሉኛል። አባባላቸው ግን የረሳ ሰው አይመስልም፤ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ የከተተ ሰው ነው የሚመስለው። ዘፈን ለሚወድ ሰው ግማሽ ግጥም ማለት አንድ እግር ጫማ ማለት ነው፤ ይዞት ይዞራል እንጂ አይሄድበትም።

ስለ ጋሼ ፋኖስ ከማውራቴ በፊት አንድ እውነት ላስቀድም። የማይቀመጥ ሰው የሌለበት ቤት የለም። እናንተም ቤት አለ። እንግዳ ሲመጣ ወንበር የሚስበው፣ ሾርባ የሚቀዳው፣ «ኧረ ብሉ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ ነው» እያለ ከጀርባችሁ እንደ ዘብ የሚቆመው እሱ ነው። «አንተስ?» ስትሉት «እኔማ በልቻለሁ» ይላል። አልበላም። ሁላችሁም ጠግባችሁ ወሬ ስትጀምሩ፣ ምድጃው አጠገብ ቆሞ፣ ድስቱ ሥር የቀረውን በጭልፋ፣ አንድ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ይጎርሳል። አክስታችሁ ልትሆን ትችላለች፤ የሚስታችሁ አባት ሊሆኑም ይችላሉ። ወንበር ስታቀርቡለት ወንበሩን ለሌላ ሰው ያቀርባል።

የዚህ ወገን ሁሉ አለቃ፣ የቋሚዎች ሁሉ ቁንጮ፣ ክቡር ጋሼ ፋኖስ ናቸው። ያገኘኋቸውም ድሮ የድንጋይ ከሰል ይወጣባት በነበረች፣ ዛሬ ግን ከትዝታ በቀር ምንም በማይወጣባት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው።

ወደዚያች ከተማ የሄድኩት ላዝን ነው። ሌላው ሰው ለመዝናናት ወደ ባሕር ይወርዳል፤ እኔን የሚስበኝ የተዘጋ ነገር ነው። የቆመ ባቡር፣ ዝገት የበላው በር፣ ጭስ የረሳው የጭስ ማውጫ። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ የጥንት ቆፋሪዎችን እንጉርጉሮ በሐሳቤ እያዳመጥኩ፣ ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ በማግስቱ አውቶቡስ ልመለስ ነበር ዕቅዴ። አንድ እግሬን ከአውቶቡሱ እንዳወረድኩ ግን አንገቴ ላይ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ገባ።

ናስ ነው። ክብ፣ የሳንቲም ያህል፣ ቁጥር የተመታበት፣ በክር የተንጠለጠለ።

«ስትወጣ ትመልሳለህ» አሉኝ። ቀና ስል እንደ ስልክ እንጨት የቀጠኑ፣ እንደ ስልክ እንጨትም ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ቆመዋል። ከደረታቸው የእንጨት ሳጥን አንግተዋል፤ ሳጥኑ ሙሉ ናስ ነው።

አብሮኝ የወረደ የሳሙና ነጋዴ «አባባ፣ እኔ እኮ ለሽንት ብቻ ነው የወረድኩት» ቢላቸው «ለሽንትም የወረደ ወርዷል» ብለው አጠለቁለት። ሾፌሩ ጎማውን ሊያይ ጎንበስ ባለበት አንገቱ ላይ ጣል አደረጉበት። ሾፌሩ ለምዶታል መሰለኝ ቀና እንኳ አላለም። ኋላ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ደግሞ ክቡርነታቸው ከፊቱ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆይ! ያልወጣ ሰው አለ።»

የሳሙና ነጋዴው ቀበቶውን እያጠበቀ ሲሮጥ መጣ፤ ናሱን መለሰ፤ አውቶቡሱ ሄደ።

መንገዱን እስክንሻገር ድረስ ነገሩን አብራሩልኝ። በደህናው ዘመን ወደ ጉድጓዱ የሚወርድ ሁሉ ከእሳቸው ክፍል አንድ ፋኖስና አንድ ናስ ይወስዳል። ሲወጣ ሁለቱንም ይመልሳል። ናሷ ሰሌዳው ላይ ሚስማሯ ላይ ትሰቀላለች። ሚስማሯ ባዶ ከሆነች ሰውየው ምድር ውስጥ ነው ማለት ነው። ሰሌዳው ሳይሞላ የፋኖስ ክፍሉ ሹም ክፍሉን አይለቅም። ይህ የኩባንያው ሕግ ነው። ሰሌዳው ሳይሞላ ሹሙ አይቀመጥም፣ ቁጭ ብሎም እህል አይቀምስም። ይህ ደግሞ የኩባንያው ሕግ አይደለም፤ ኩባንያው ሰምቶትም አያውቅም፤ የጋሼ ፋኖስ የራሳቸው ሕግ ነው። ጉድጓዱ ከተዘጋ ልጅ ተወልዶ ጎረምሳ ሆኗል። ሕጉ ግን ሥራ ላይ ነው።

«አሁን እኮ የሚወርድ የለም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«አንተ ወርደህ የለም እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ለማዘን ጊዜ አልነበረኝም።

«ይሄ ሲኒማ ቤቱ ነው» አሉኝ አንድ ሣር የበቀለበት ባዶ ቦታ አጠገብ። «በዚህ በኩል ዙር። ግድግዳ አለ።»

ግድግዳ የለም። ፈገግ ብዬ ሣሩን ላቋርጥ ስል፣ ዳቦ የታቀፉ አንዲት ሴትዮ ከወዲያ መጥተው፣ ባዶውን ቦታ ጥግ ጥጉን ይዘው፣ የሌለው ማዕዘን ላይ ታጥፈው አለፉን። ከኋላቸው የመጣው ባለ ብስክሌትም ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ከወዲያ የሚመጣ እንዳይገጨው ደወሉን አቃጨለ። ሲኒማ ቤቱ ፈርሶ ጡቡ ተሽጦ አልቋል፤ እግሮች ግን ወሬው አልደረሳቸውም። እኔም ዞርኩ። ምን ላድርግ? እንግዳ ነኝ፣ የሰው ግድግዳ አልጥስም።

ቀጥሎ ተራራ አስወጡኝ። ከጉድጓዱ የወጣ ጥቁር አፈር የተቆለለበት ነው። «ይህን ተራራ የሠራው የኛ አካፋ ነው» አሉኝ ጫፉ ላይ፣ እኔ ሳለከልክ እሳቸው ሳያለከልኩ። ያቺን የማዝንባትን ድንጋይ ጫፉ ላይ አየኋትና ልቀመጥ ጎንበስ ስል «ገና ነው፣ ገና ነው» ብለው በክንዴ ይዘው አወረዱኝ።

የቆፋሪዎቹ መታጠቢያ ቤት ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ድሮ ሠራተኛው ልብሱን በመንጠቆ ያንጠለጥልና በሰንሰለት ስቦ እስከ ጣሪያ ይሰቅለው ነበር፤ ከታች ከሰልና ውሃ፣ ከላይ ንጹሕ ልብስ። ሰንሰለቶቹ አሁንም አሉ። ቀና ስል የክረምት ጃኬቶች፣ አንድ ክንድ የማይሞሉ፣ ቀይና ቢጫ፣ እንደ ወፍ መንጋ ኮርኒሱ ሥር ተሰቅለዋል። መምህሯ ሰንሰለቱን ለቀቅ ስታደርግ ጃኬቶቹ ቀስ እያሉ ወረዱ። እዚህም ልቤ መሞቅ ጀምሮ ነበር። ጋሼ ፋኖስ ግን ሳጥናቸውን ከፍተው ከመምህሯ ጋር ሕፃናቱን መቁጠር ያዙ፤ አንዷ ጠረጴዛ ሥር ተገኘች።

በመጨረሻ ፋኖስ ክፍሉ ደረስን። ጠባብ ክፍል ነው፤ የዘይትና የብረት ሽታ አለው፤ መደርደሪያው ላይ ፋኖሶቹ ተወልውለው ተደርድረዋል። ግድግዳውን የሞላው ሰሌዳ ነው። ናሶቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ጎን ለጎን ያበራሉ። መሐል ላይ ግን አንዲት ሚስማር ባዶዋን ቆማለች።

ጋሼ ፋኖስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያልወጣ ሰው አለ።»

ኮፍያዬን አወለቅኩ። «ማን ነበር?» አልኩ።

«የሚስቴ ወንድም።»

በቃ፣ ያ ስፈልገው የዋልኩት ነገር መጣልኝ። ዓይኔ ሞላ። ግማሹ ዘፈን ለምን ግማሽ እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። ያ ወጣት እዚያ ጥቁር ድንጋይ ሥር ሆኖ መላሹን ስንኝ ይዞት ቀርቷል። ልቅሶ የሚያስገጥም ነገር ነው፤ ቤት እስኪመታልኝ ድረስ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነበር።

«ትናንት ከሙዚየም የመጣችውም ልጅ እንዳንተ አለቀሰች» አሉኝ። «ሰሌዳውን ለትልቁ ከተማ ሙዚየም ሊወስዱት ነው። ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል። ከባዶዋ ሚስማር በላይ ሌት ተቀን የማትጠፋ ትንሽ መብራት አደርጋለሁ፣ ከሥሯም ‹ያልወጣው› ብዬ አጽፋለሁ አለችኝ።»

«እግዜር ይስጣት» አልኩና መሐረቤን አወጣሁ።

ቤታቸው ከፋኖስ ክፍሉ ቀጥሎ ያለው ነው። ለእንግዳ የሚያከራዩት አንድ ክፍል አላቸው፤ ሻንጣዬን አስቀምጬ ምሳ ቀረብኩ። ባለቤታቸው ደንደን ያሉ፣ ሳቃቸው ከፊታቸው የማይርቅ ሴት ናቸው። ጠረጴዛው ዙሪያ አራት ወንበር አለ። አንዱ የእትዬ ነው፣ አንዱ የእንግዳ ነው፣ አንዱ ማንም የለበትም፣ በአራተኛው ላይ ወፍራም ድመት ተኝታለች። ጋሼ ፋኖስ ከጀርባዬ ቆመው «ብላ እንጂ» ይሉኛል።

«የጋሼ ወንበር ነበር» አሉኝ እትዬ ወደ ድመቷ እያዩ። «አሁን የሷ ነው። ባለመብቷ እሷ ነች።»

የሞተ ወንድም ያላት ሴት እንዲህ መቀለዷ የባሰ አሳዘነኝ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። «እትዬ፣ ስለ ወንድምዎ ሰማሁ። እግዜር ያጥናዎት።»

እትዬ ጭልፋውን እንደያዙ ደነገጡ። «ወንድሜ ምን ሆነ?»

«ያው... ጉድጓዱ ውስጥ...»

እትዬ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ባላቸውን አዩ። ከዚያ ጭልፋውን ወደ መስኮቱ ዘረጉ። «ያ ነው የሞተው?»

ከመንገዱ ማዶ፣ በፀጉር ማስተካከያ ቤት በር ላይ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ ቦርጫም ሰው ፎጣ እያራገፈ ነበር። ዓይናችንን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«አንተ ሰውዬ!» አሉ እትዬ። «ለሙዚየሟም ልጅ እንዲህ ነው ያልካት?»

«አንድ ቃል አልዋሸሁም» አሉ ክቡርነታቸው፣ ከቆሙበት ንቅንቅ ሳይሉ። «ይሄ ሰው የት ሄደ አለችኝ፤ አልወጣም አልኳት። መቼ ወረደ አለችኝ፤ በመጨረሻው ቀን አልኳት። ቤተሰብ አለው አለችኝ፤ እህቱ ሚስቴ ናት አልኳት። ማልቀሷ የራሷ ነው።»

«ወንድሜን በቁሙ ቀበርከው!»

«ናሱን ይመልስ፤ አሁኑኑ አወጣዋለሁ።»

ነገሩን ያኔ ሰማሁት። በመጨረሻው ቀን ሁሉም ወጥቶ፣ ፋኖሱን አስረክቦ፣ ናሱን ሰቅሎ፣ ተቃቅፎ ሲላቀስ፣ የእትዬ ታናሽ ወንድም ናሱን ኪሱ ከተተ። «ከዚህ ጉድጓድ ሳልና ቁርጥማት ነው ያተረፍኩት፤ አንዲት ናስ ብወስድ ምን አለበት?» አለ። ጋሼ ፋኖስ «የኩባንያው ንብረት ናት» አሉ። «ኩባንያው ሄዷል» አለ። «ኩባንያው ሄዶ ይሆናል፤ ፋኖስ ክፍሉ ግን የትም አልሄደም» አሉ። በዚያው ተኮራረፉ። የባሰው ነገር፣ አሉ ጋሼ ፋኖስ ጣልቃ ገብተው፣ እዚያው ፊታቸው ላይ በናሷ ጠርዝ ጠርሙስ መክፈቱ ነው። «ጠርዟን አጎደጎዳት! እኔ በጨርቅ የወለወልኳትን!»

«መጀመሪያ መጀመሪያ ቃል አመላልስ ነበር» አሉኝ እትዬ። «ከዚህ ‹ደህና ነው?› ብለው ይልኩኛል፣ ማዶ ስደርስ ስድብ ሆኖ ይገኛል። ከማዶ ‹ሰላም በያቸው› ይለኛል፣ እዚህ ሲደርስ ጠብ ይሆናል። እኔ በሁለት ሰው መሐል የተዘረጋ ቧንቧ አይደለሁም ብዬ ተውኩት።» ድምፃቸው ያኔ ብቻ ቀነስ አለ። «ሌላ ነገር አልመኝም። አንድ ቀን እነዚህን ሁለት ግትሮች በአንድ ገበታ ቁጭ ብለው ማየት ነው። ነገ ሰሌዳው ከሄደ ደግሞ ናሷ የምትሰቀልበት ቦታ አይኖርም። ወንድሜ እዚያ ሙዚየም ውስጥ ሞቶ ይቀራል፤ ይሄ ሰውዬ እዚህ ቆሞ ይቀራል።»

ጋሼ ፋኖስ ይህን አልሰሙም፤ ወይም አልሰማሁም አሉ። ድስቱን በጭልፋ እየጠረጉ «ከምድር ሆድ ገብቼ ጨለማ ስቆርስ» ካሉ በኋላ ጉሮሯቸውን አጸዱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ፂምህ አድጓል።»

«ዛሬ ጠዋት ተላጭቻለሁ፣ ጋሼ።»

«አድጓል እልሃለሁ። ማዶ ሂድና ተላጭ። እግረ መንገድህን ሳሉ እንዴት እንደሆነ ስማ። እኔ ላኩህ እንዳትለው።»

ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን አዙሮ ጠበቀኝ። «ፋኖሱ ሰውዬ ነው የላከህ» አለኝ።

«ኧረ ፂሜ አድጎ ነው።»

«አዎ፤ ባለፈው ሳምንት የላካት ሴትዮም ፂሟ አድጎ ነበር» አለና ፎጣ አሰረልኝ። «ይህችን ናስ አውልቃት፣ አረፋ ይነካታል።» አወለቀልኝና መስታወቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ አኖራት። «በላ?»

«ቆመው» አልኩ።

«ምን?»

«ሾርባ። በጭልፋ።»

ቀስ ብሎ አረፋውን መቀባት ጀመረ። አንድ ሁለቴ ሳለ፤ ሳሉን ለጋሼ ስል በጥንቃቄ አደመጥኩት፤ ደረቅ ነው፣ ግን የከፋ አይደለም። ምላጩን በቆዳ ቀበቶ ስሎ ጉሮሮዬ ላይ ሲያሳርፍ፣ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ማንጎራጎር ያዘ።

«ቁጭ ብለህ አትብላ እኔ እስክመለስ...»

ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ባይሆን ኖሮ ብድግ እል ነበር። መላሹ ስንኝ! ዜማው ያው ነው፤ ያ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የኖረው ድምፅ ወደ ቤቱ ወረደ። ከምድር ሆድ ገብቼ ጨለማ ስቆርስ፣ ቁጭ ብለህ አትብላ እኔ እስክመለስ።

«መጀመሪያዋስ?» አልኩት ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ።

«መጀመሪያዋ የኔ አይደለችም። እሱ ከላይ ሆኖ ፋኖስ ሲያድል ይጀምራል፤ እኔ ወደ ጉድጓዱ የሚያወርደን ሊፍት ውስጥ ሆኜ እቀበላለሁ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። እኔ ስመልስለት ሊፍቱ ይወርዳል።» አገጬን ቀና አደረገው። «ናሷን ለምን አልመለስክም ብለህ ልትጠይቀኝ ነው። ሁሉም ይጠይቀኛል። መጀመሪያ እልህ ነበር። ኋላ ግን ሳየው፣ ብመልስለት ሥራው ያልቃል። ሥራው ያለቀ ቀን ያ ሰውዬ ምን ያደርጋል? እኔን መጠበቅ ደመወዙ ነው።»

እኔም ቧንቧ አልሆንም ብዬ ነበር። አልቻልኩም። ስለ ሰሌዳው ያውቃል፤ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ስለ መብራቷ ግን አልሰማም። ሌት ተቀን የምትበራ መሆኗን፣ ከሥሯ የሚጻፈውን፣ ልጅቷ እንዴት እንዳለቀሰች ነገርኩት። እኔ ማልቀሴን ዘለልኩት።

ምላጩ አየር ላይ ቆመ።

«ሞቼ?»

«አልወጣም ነው ያሏት።»

«ሰው ያንን አይቶ ሲያበቃ እዚህ መጥቶ እኔ ጋ ፂሙን ይላጫል? ሙት እጅ ላይ ጉሮሮውን የሚሰጥ ማን አለ?» ግማሽ ፊቴን በአረፋ እንደተሸፈነ ትቶ ክፍሉን ሁለቴ ዞረ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቆመና ማዶ ማዶ ሲያይ ቆየ። ተመልሶ ሲመጣ ግን ድምፁ ሌላ ነበር። «እሱስ? ሰሌዳው ከሄደ በኋላ... ማንን ነው ቆሞ የሚጠብቀው?»

ላጨኝ፤ ሽቶ ቀባኝ፤ ናሴን አንገቴ ላይ አጠለቀና ክሯን ኮሌታዬ ሥር ከተተልኝ። በሩ ላይ ስደርስ «ቶሎ መልስለት» አለኝ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጋሼ ፋኖስን ፋኖስ ክፍሉ ውስጥ አገኘኋቸው። ሰሌዳውን ለነገው መኪና በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። እጃቸውን ዘረጉ፤ ናሷን ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ስለነበር አላዩዋትም፤ በአውራ ጣታቸው ብቻ ዳሰሷት። ጣታቸው ጠርዟ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጉድጓድ አለባት። የጠርሙስ ክዳን ጥርስ ያህል።

ከዚያ ናሷን በጨርቁ ወለወሏት፤ ፊቷን፣ ጀርባዋን፣ ያችን የተጎረደች ጠርዟን። ወደ ባዶዋ ሚስማር ሄደው ሰቀሏት። ጠቅ አለች። ሰሌዳው ሞላ።

ግድግዳው አጠገብ አግዳሚ ወንበር አለ። አሁን ይቀመጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ዞር አሉ።

«ያንተስ?»

«ምኔ?»

«ናስህ።»

ያኔ ነው የባነንኩት። የኔዋ ናስ ማዶ፣ መስታወቱ ሥር፣ ከሳሙናው አጠገብ ቀርታለች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ፊትዎ ቆሜያለሁ!»

«እሱም እስከ ዛሬ ፊቴ ቆሞ የሰው ፂም ሲላጭ ነው የኖረው። ቆመሃል ማለት ወጥተሃል ማለት አይደለም።» ክንዴን ያዙኝ። «ያልወጣ ሰው አለ። ና፣ እራት ደርሷል፤ አንተ ብላ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ተበላሽቻለሁ። ቤቴ እራት ቀርቦ ከልጆቼ አንዱ ካልገባ፣ ማንኪያ ይዤ በሩ ላይ ራሴን አገኘዋለሁ። ሚስቴ «ቁጭ በል እንጂ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ» ትለኛለች። የምመልሰውን ታውቀዋለች፤ ልጆቹም እየሳቁ አብረውኝ ይሉታል። ያቺን ከተማ ላዝንባት ሄጄ ይዤ የተመለስኩት ይህን ነው።

ያን ማታ ግን እትዬ እኔን ብቻ አስቀምጠው ቀዱልኝ። ሰሌዳው መሙላቱን ስነግራቸው ጭልፋው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር፤ ባላቸው አሁንም ከጀርባዬ ቆመው ሲያዩ ደግሞ ተቆጡ።

«አሁን ደግሞ ማን ቀረ?»

«ይሄ» አሉ ጋሼ ፋኖስ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

በሩ ተንኳኳ። ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ነጩን ካፖርት አውልቆ ኮት ለብሷል፤ ፀጉሩን በውሃ አበጥሯል፤ ከጣቱ ላይ የኔዋ ናስ ተንጠልጥላለች። እውነት በስህተት ተለዋውጠውበት ይሁን፣ ወይስ ያችን ደጃፍ ለመርገጥ ምክንያት ፈልጎ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

«እንግዳችሁ ዕቃውን ረስቶ ነው» አለ ደፉ ላይ ቆሞ። «ደግሞ ሞተሃል ሲሉኝ፣ ማን እንደገደለኝ ልጠይቅ ብዬ።»

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሼ ፋኖስ ናሷን ተቀበሉ። በአውራ ጣታቸው ዙሪያዋን ዳሰሱ።

«በዚችስ ጠርሙስ አልከፈትክባትም?»

«ገና አልመሸም።»

ጋሼ ፋኖስ ናሷን ደረት ኪሳቸው ከተቷት። ሁለቱም የጠረጴዛውን ልብስ ያያሉ። ቁርሾ ሲያልቅ ቦታው እንደዚያ ሲኒማ ቤት ነው፣ ግድግዳው ባይኖርም እግር ዞሮ ያልፈዋል። ጋሼ ፋኖስ መጨረሻ ላይ የሚያውቁትን ብቸኛ ነገር አደረጉ። ቀስ ብለው፣ ግድግዳውን እያዩ፣ ማንጎራጎር ጀመሩ።

«ከምድር ሆድ ገብቼ ጨለማ ስቆርስ...»

ዜማው እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ።

«ተመለስኩ እኮ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። እትዬ ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር ሳቡለት፤ ተቀመጠ።

«አንተስ?» አሉ እትዬ ወደ ባላቸው ዞረው። ድምፃቸው ሊቆጣ ፈልጎ አልቻለም። «አሁን ማን ቀረ?»

ጋሼ ፋኖስ በሩን አዩ። ፀጉር አስተካካዩን አዩ። እኔን አዩ። የደረት ኪሳቸውን ከላይ ዳበስ አደረጉ። ናሷ እዚያው ናት።

እትዬ ድመቷን በሁለት እጃቸው አንስተው መሬት አስቀመጧት። ድመቷ ወንበሩን ተመልክታ፣ ጋሼን ተመልክታ፣ ተቆጥታ ከምድጃው ሥር ገባች። ጋሼ ፋኖስ የወንበሩን መደገፊያ ያዙ። እንደማያውቁት መሰላል ፈተሹት። አንድ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ፣ አንዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ እያሉ፣ እንደዚያ ሰንሰለት ላይ እንዳሉት የልጆች ጃኬት ወረዱ።

«ይንቀጠቀጣል» አሉ።

«ከድሮም ይንቀጠቀጣል» አሉ እትዬ። «በምን ታውቃለህ።»

ሾርባ ቀዱላቸው፤ በሰሐን፣ እንደ ሰው። ክቡርነታቸው አንድ ማንኪያ ጎረሱና ዓይናቸው ሰፋ።

«ይሄ ሾርባ ሁልጊዜ እንዲህ ትኩስ ነበር እንዴ?»

እትዬ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩ ዳቦ እየቆረሰ አንዱን ግማሽ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገው። ጋሼ ፋኖስ ዳቦውን ተቀበሉ፤ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረጉና፣ ቁጭ ብለው በሉ።